የፍቅርና የአስማት ተከታታይ ልቦለድ የመጨረሻ ቅጽ እንዴት ይጻፋል?

ተከታታይ ልቦለድ የሚጀምሩ ደራሲያን ብዙ ናቸው፤ የመጨረሻውን ቅጽ አንባቢውን በሚያረካ መንገድ የሚቋጩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለወጣት አንባቢዎች በሚጻፈውና ፍቅርና አስማት ጎን ለጎን በሚጓዙበት የፋንታሲ ልቦለድ ደግሞ ሥራው ይከብዳል፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎችን ተሸክሞ ይሄዳልና። አንደኛው የኀይሉ፣ የዙፋኑና የጨለማው ዕጣ ምን ይሆናል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው እነዚህ ሁለት ወጣቶች በመጨረሻ አብረው ይኖራሉ ወይ የሚለው ነው። ደካማ የመጨረሻ ቅጽ የመጀመሪያውን ጥያቄ በጦር ሜዳ ይመልስና ሁለተኛውን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በሚመጣ የሠርግ ምዕራፍ ያስታርቃል። ይህ መመሪያ የሚከራከረው ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ትዕይንት፣ በዋናዋ ገጸ-ባሕርይ አንድ ውሳኔ ሊመለሱ ይገባል ብሎ ነው፤ ከዚህ በታች የቀረበው ምክር በሙሉ ወደዚያ ውሳኔ ለመድረስ ወይም ከውሳኔው በኋላ ታሪኩን በወጉ ለመዝጋት የሚያገለግል ነው።

በዋና ምሳሌነት የወሰድሁት አሜሪካዊቷ ደራሲ ሊ ባርዱጎ ከ2012 እስከ 2014 ድረስ በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገች ካሳተመቻቸው ሦስት መጻሕፍት የመጨረሻውን፣ «ሩይን ኤንድ ራይዚንግ» የተባለውን ነው። በተጨማሪም የስቴፈኒ ሜየርን «ብሬኪንግ ዶውን» እና የሆሊ ብላክን «ዘ ክዊን ኦፍ ናቲንግ» እየጠቀስሁ እሄዳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ አጨራረስ እየተነጋገሩ አጨራረስን መደበቅ ስለማይቻል፣ እነዚህን መጻሕፍት ወደፊት ለማንበብ ያሰበ ሰው አስቀድሞ አንብቧቸው ቢመለስ ይሻለዋል።

ያልተከፈለውን መመዝገብ

የአዲሱን ቅጽ የመጀመሪያ መስመር ከመጻፍዎ በፊት የቀደሙትን ቅጾች ደብተርና እርሳስ ይዘው ከዳር እስከ ዳር እንደገና ያንብቡ። ደብተሩ እንደ ሰፈር ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው፤ ከአንባቢው እምነት ላይ በዱቤ የወሰዱት ሁሉ ከነገጹ ይሰፍርበታል። መመዝገብ ያለባቸው ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። በግልጽ የተነሡና ያልተመለሱ ጥያቄዎች አሉ፤ ገጸ-ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው የተገባቡት ቃል አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአስማቱ ሕጎች አሉ፤ ይኸውም ኀይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያስከፍልና ምን ማድረግ እንደማይችል የተነገረው ሁሉ ነው። ብዙ ደራሲያን የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ያስታውሳሉ። አንባቢ ግን በተለይ ወጣቱ አንባቢ ሕጉን በቃሉ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «ሙታን አይመለሱም» ብለው ጽፈው ከሆነ ያንን ዐረፍተ ነገር እርስዎ ቢረሱትም እርሱ አይረሳውም።

የተመዘገበው ሁሉ መከፈል አለበት ማለት አይደለም። በሁለተኛው ቅጽ አንድ ጊዜ ብቅ ያለ ነጋዴ ወይም የአንድ ከተማ ስም አመጣጥ ሳይነገር ቢቀር የሚቆጣ የለም። ሊከፈል የሚገባው አንባቢ ቀጣዩን ቅጽ እንዲጠብቅ ያደረገው ነገር ነው። በሦስት ቀለም ቢያሰምሩበት ሥራው ይቀልላል፦ አንዱ ቀለም በጡዘቱ ላይ (ታሪኩ ከፍተኛ ውጥረት ላይ በሚደርስበት ቦታ) መመለስ ላለበት፣ ሁለተኛው ከጡዘቱ በፊት ተመልሶ መንገድ መልቀቅ ለሚገባው፣ ሦስተኛው ለሚተወው። በሁለተኛው ቀለም የተሰመረው እየበዛ ከሄደ የመጨረሻው ቅጽ መጀመሪያ እንደ ሒሳብ ማወራረጃ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከሁለትና ከሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ትዕይንት ሊመልሳቸው የሚችለውን እየፈለጉ ማጣመር ይገባል።

የባርዱጎ ሥራ ይህን ለማየት ይመቻል። ዋናዋ ገጸ-ባሕርይ አሊና በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ያደገች፣ የፀሐይን ብርሃን መጥራት የምትችል ልጅ ናት። አገሯን ራቭካን ለሁለት የከፈለውን የጨለማ ምድር ለማጥፋት ኀይልን የሚያጎለብቱ ሦስት ፍጥረታት እንደሚያስፈልጓት ይነገራል፤ አጋዘኑ በመጀመሪያው ቅጽ፣ የባሕር ዘንዶው በሁለተኛው ቅጽ ተገኝተዋል። ስለዚህ አንባቢ ሦስተኛውን መጽሐፍ ሲከፍት የእሳት ወፏን እየጠበቀ ነው፤ ይህ ዕዳ በግልጽ የተጻፈ ነው። በስውር የተጻፉት ዕዳዎች ግን ሌሎች ናቸው። አብሯት ያደገው ማል ምንም አስማት የሌለው ተራ ወታደር ሆኖ ሳለ ዱካ በመከተል ችሎታው ማንም የማይወዳደረው መሆኑ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ይነገራል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነገርም። የፍጥረቱ ኀይል የሚሰጠው ለገዳዩ መሆኑም እዚያው ተነግሯል። በሦስተኛው ቅጽ ሁለቱ ስውር ዕዳዎች ተገናኝተው ግልጹን ዕዳ ይገለብጡታል፤ ሦስተኛው ኀይል አጎልባች ወፏ ሳትሆን ማል ራሱ ነው። አንባቢው ይደነግጣል፣ ይሁን እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያይ ንግሩ፣ ማለትም ቀደም ብሎ የተሰጠው ፍንጭ፣ ዓይኑ ሥር እንደ ነበረ ያገኘዋል። ደራሲዋ አዲስ ሕግ አላመጣችም፤ የነበሩትን ሕጎች ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የእርስዎም ደብተር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ምላሹን ከውጭ ከመፈለግዎ በፊት አስቀድመው ከጻፉት ውስጥ የትኞቹ ሁለት ነገሮች ገና እንዳልተዋወቁ ይመርምሩ።

አንዱ ውሳኔ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ማል ሦስተኛው ኀይል አጎልባች መሆኑ በታወቀበት ቅጽበት የአሊና ሁለት ጥያቄዎች አንድ ይሆናሉ፤ ጨለማውን ለማጥፋት የምትወደውን ሰው በገዛ እጅዋ መግደል አለባት። ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ፍቅሩና ጦርነቱ ተለያይተው ሊነበቡ ይችሉ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን አይቻልም። ውሳኔው የእርሷ ነው፣ ሌላ ሰው ሊወስድላት አይችልም፣ ሳይጎዳት የሚያልፍበትም መንገድ የለም። ለአንድ የመጨረሻ ቅጽ የሚያስፈልገው ቅርጽ ይህ ነው።

ሆሊ ብላክ በሌላ መንገድ ወደዚያው ትደርሳለች። በሦስቱ መጻሕፍቷ የመጀመሪያ ቅጽ መጨረሻ ላይ በአስማተኛ ፍጥረታት አገር የምትኖረው የሰው ልጅ ጁድ የፍጥረታቱን ልዑል ካርደንን በማታለል ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እንዲታዘዛት ቃል ታስገባዋለች። በመጨረሻው ቅጽ ካርደን በእርግማን ወደ ግዙፍ እባብ ይለወጣል፤ ለጁድም እባቡን ለዘላለም ማዘዝ የሚያስችላት ልጓም ይቀርብላታል። ልጓሙን ብታጠልቅለት የምትወደው ሰው በሥጋ አጠገቧ ይቀራል፣ ሥልጣኗም አይነካም፣ እርሱ ግን ባሪያ ይሆናል። ጁድ ልጓሙን ትታ በሰይፍ የእባቡን ራስ ትቆርጣለች፤ ካርደንም በዚያ ነጻ ይወጣል። ይህ ትዕይንት የሚሠራው አስደናቂ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቅጽ ሰውን በቃል አስሮ በመግዛት አልቆ ነበር፤ የመጨረሻው ደግሞ ያንኑ ፈተና አግዝፎ ያቀርባል፣ ልጅቷም አሁን ሌላ ሰው መሆኗን በንግግር ሳይሆን በሰይፍ ታሳያለች። ገጸ-ባሕርይዎ በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገች ይመልከቱ፤ በመጨረሻው ቅጽ ያው ምርጫ ዋጋው በዝቶ እንዲመጣባት ማድረግ ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ሜየር ዘንድ ደግሞ ነገሩ ጸጥ ያለ ነው። በ2005 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ የሰውን ሐሳብ ማንበብ የሚችለው ቫምፓየር ኤድዋርድ የሚያፈቅራትን የቤላን ሐሳብ ብቻ ማንበብ አይችልም። ይህ በአራት ቅጾች ውስጥ የተዘረጋ ሕግ ነው። በ2008 በታተመው የመጨረሻ ቅጽ ያ ዝምታ አእምሮዋን የሚጠብቅ ጋሻ መሆኑ ይታወቃል፤ ቤላም ጋሻውን ዘርግታ ቤተሰቧን ስትከልልበት ትልቁ አደጋ ያልፋል። በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ ግን ጋሻውን ከራሷ ላይ በፈቃዷ ገፍታ ኤድዋርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቧን እንዲያነብ ትፈቅድለታለች። በዚህ መጽሐፍ ላይ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ አለ፤ በዚህ ትዕይንት ግን ደራሲዋ የምትመሰገን ናት፤ አስማቱና ፍቅሩ በአንድ ምልክት ተቋጭተዋል።

ይህን ውሳኔ ለራስዎ ታሪክ ለማግኘት በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ይጻፉ። በመጀመሪያው ዋናዋ ገጸ-ባሕርይ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ምን እንደምትፈልግ፣ በሁለተኛው የአስማቱ ሕግ ምን እንደሚያስከፍል፣ በሦስተኛው ደግሞ የምትወደው ሰው ለእርሷ ምን እንደ ሆነ ይግለጹ፤ ለምሳሌ ቤቷ ሊሆን ይችላል፣ እኩያዋ ወይም እርሷን በትክክል የሚያያት ብቸኛው ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ድርጊት ይፈልጉ። የሚመጣልዎትን ድርጊት ሁሉ በሁለት ጥያቄ ይፈትኑት። ፍቅሩን ከታሪኩ ብናወጣው ጡዘቱ ሳይናወጥ ይቆማል ወይ? አስማቱንስ ብናወጣው የፍቅሩ ጥያቄ በዚያው መንገድ ይመለሳል ወይ? ለአንዳቸውም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ ውሳኔው ገና አልተገኘም። ድርጊቱን የጦር አዛዡ ወይም ጠቢቡ ሽማግሌ ሊፈጽመው የሚችል ከሆነም እንደዚሁ።

ሕጉ ለአንባቢ የሚነገርበት ቦታም ከውሳኔው ያልተናነሰ ክብደት አለው። ውሳኔውን የሚያስገድደው ሕግ ቢቻል በመጀመሪያው ቅጽ፣ ቢዘገይ በመጨረሻው ቅጽ አጋማሽ መታወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሕግ ሁሉ ለደራሲው ማምለጫ የተከፈተ በር ተደርጎ ይቆጠራል፣ መቆጠሩም ትክክል ነው።

ዋጋውና ከሞት መመለስ

አሊና ማልን ከገደለችው በኋላ የምትጠብቀው ታላቅ ኀይል አይመጣም። ኀይሏ ከእርሷ ወጥቶ በዙሪያዋ ወዳሉ ተራ ሰዎች ይበተናል፤ ጨለማውን የሚያጠፉት እነርሱ ናቸው። ማል ከሞት ይመለሳል፣ እርሷ ግን ፀሐይን መጥራት አትችልም። ሕዝቡ የፀሐይዋ ቅድስት ሞታለች ብሎ ያምናል፤ ሁለቱ ወጣቶች ደግሞ ስማቸው ሳይታወቅ ወዳደጉበት ማሳደጊያ ተመልሰው ሕፃናት ያሳድጋሉ።

በዚህ አጨራረስ ላይ አንባቢዎች ተከራክረዋል። ከሚነሡት ቅሬታዎች ዋናው በሦስት ቅጾች ኀያል የሆነችን ልጅ ኀይሏን ነጥቆ ወደ ተራ ኑሮ መመለስ ሴት ልጅ በኀይሏ ጸንታ መኖር አትችልም እንደ ማለት ነው የሚል ነው። ኔትፍሊክስ መጻሕፍቱን ወደ ተከታታይ ፊልም ሲቀይር በ2023 በወጣው ሁለተኛ ምዕራፉ ላይ መንገዱን ለውጦታል፤ አሊና ማልን ራሷ በተከለከለ አስማት ታስነሣዋለች፣ ኀይሏም አብሯት ይቀራል፣ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደግሞ ያ ኀይል ጥላ እንደተቀላቀለበት ይታያል። ፊልሙ ሦስተኛ ምዕራፍ ሳይሠራለት ስለ ተሰረዘ ያ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቷል።

እኔ ከመጽሐፉ ጋር እቆማለሁ፤ ቅሬታውን ግን ከንቱ ነው አልልም። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚመረምረው ኀይልን ከልክ በላይ መሻት ምን እንደሚያመጣ ነው፤ ሦስተኛውን ኀይል የተመኘች ልጅ ሦስቱንም ማጣቷ ከጭብጡ ጋር ይስማማል። ዋጋው የሚያሳምነው ያጣችው ኀይል አሊና አጥብቃ የምትወደው ነገር ስለ ሆነም ነው፤ ኀይሏን ስትጠቀም ሕይወት ይሰማት ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዋጋው ገጸ-ባሕርይዋ በእውነት የምትፈልገው ነገር መሆን እንዳለበትና ከከፈለች በኋላ እንድታዝን ጊዜ ሊሰጣት እንደሚገባ ነው። ዋጋ ከፍላ በማግስቱ ደስ ብሏት የምትነሣ ጀግና ለአንባቢው የምትነግረው ያጣችው ነገር ከንቱ እንደ ነበረ ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለሐዘን ይስጡ፤ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አፍቃሪው እንዲያጽናናት ይሁን እንጂ ያጣችውን እንዲተካላት አይሁን።

ከሞት መመለስን በሚመለከት ጥንቃቄው ይብዛ። በዚህ ዘውግ የሞተው አፍቃሪ መመለሱ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ አንባቢ ገና ሲሞት ተመላሽነቱን ይጠረጥራል። ባርዱጎ የማልን መመለስ ተቀባይ ያደረገችው ቀደም ሲል በአንዲት አሮጊት አፍ በሚነገር የጥንት ታሪክ ውስጥ ቅድመ አያቱ ከሞት በአስማት የተነሣች ሕፃን እንደ ነበረች በማሳወቋ ነው። የማል ትርፍ ሕይወት ከዚያ የወረሰው ነው፤ ሲሞት የሚጠፋው ያ ትርፍ ነው፣ ስለዚህም ከተነሣ በኋላ የቀድሞ ችሎታው አብሮት አይነሣም። መመለሱ ራሱ የሚቀንሰው ነገር አለ ማለት ነው። የእርስዎ ገጸ-ባሕርይ ከሞት ሲመለስ ከሄደበት ምንም ሳይጎድልበት የሚመጣ ከሆነ ባይገድሉት ይሻላል።

ሦስተኛው ሰውና ባላንጣው

የፍቅር ሦስት ማዕዘን ያለበት ታሪክ ከሆነ አንዱን ወገን በመግደል ጥያቄውን መመለስ ቀላሉ መንገድ ነው፤ አንባቢም ቀላልነቱን ያውቀዋል። በአስማታዊ ዕጣ መመለስም የዚያኑ ያህል ደካማ ነው። ከላይ አነሣዋለሁ ያልሁት ቅሬታ ይህ ነው፤ በ«ብሬኪንግ ዶውን» ቤላን ሲያፈቅር የኖረው ያዕቆብ አዲስ ከተወለደችው ልጇ ጋር ሊፈታ በማይችል የዕጣ ማሰሪያ ይተሳሰራል። በዚህም ሐዘኑ ያለ እርሱ ምርጫ በቅጽበት ይተናል፣ ብዙ አንባቢዎችንም ያሳቀቀ መፍትሔ ሆኖ ቀርቷል። የተሸነፈ አፍቃሪ በራሱ ፈቃድ የሚሄድበት፣ የራሱ ሥራና የራሱ ጕዳይ ያለው ሰው መሆን አለበት። ባርዱጎ ልዑል ኒኮላይን የያዘችው እንዲህ ነው፤ ለአሊና የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥያቄው ግን የአገር አስተዳደር ጕዳይ ጭምር ነው፣ እምቢ ስትለውም የሚመራው አገር ይጠብቀዋል። የመረጠችውን ሰው ከፍ ለማድረግ ሲባል ያልመረጠችውን በመጨረሻው ቅጽ ድንገት ክፉ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ባላንጣው ራሱ የሚስብ ወጣት መልክ ያለው ሲሆን ተጨማሪ ሥራ ይመጣል። ዳርክሊንግ የተባለው የአሊና ባላንጣ ለብዙ ዘመናት የኖረ፣ እርሷን ያታለለና ያሰረ ሰው ነው፤ ሆኖም ብዙ አንባቢዎች ወደውታል። በመጨረሻው ቅጽ እውነተኛ ስሙን ለእርሷ ብቻ ይነግራታል፣ ሲሞትም በዚያ ስም እንድትጠራው ይለምናታል። እርሷም ታዝንለታለች፣ ነገር ግን ከመግደል አትመለስም። ለወጣቶች የሚጽፍ ደራሲ እዚህ ላይ ኀላፊነት አለበት፤ የሚያስር ሰው ማራኪ ሊሆን መቻሉን ሳይክዱ መታሰሩ ፍቅር አለመሆኑን ታሪኩ ራሱ በድርጊት ይናገር። ስብከት አያስፈልግም፤ አንባቢዋ የገጸ-ባሕርይዋን እጅ ታያለች።

ጦርነት ይኑር ወይስ አይኑር

የመጨረሻው ቅጽ የግድ በጦርነት ማለቅ የለበትም፤ ይሁን እንጂ በሦስት መቶ ገጽ ሠራዊት ካሰባሰቡ አንባቢው ሠራዊቱ እንዲንቀሳቀስ ይጠብቃል። በ«ብሬኪንግ ዶውን» ሁለት ወገኖች በረዶ በሸፈነው ሜዳ ላይ ተሰልፈው ከቆሙ በኋላ ጕዳዩ በምስክር ቃልና በቤላ ጋሻ ተፈትቶ ያለ ውጊያ ይለያያሉ። የ2012ቱ ፊልም ሠሪዎች ይህ ለተመልካች እንደማይበቃ አስበው ይመስላል፣ አስፈሪ ውጊያ ጨመሩ፤ ከዚያ በኋላ ውጊያው ሊመጣ ይችል የነበረ ነገር ራእይ ብቻ እንደ ሆነ ገለጡ። ብልሃቱ የመጽሐፉን መጨረሻ ሳይነካ የጎደለውን አሟልቷል። ውጊያ የሌለበት መጨረሻ ከመረጡ ውጊያው ቢነሣ ማን እንደሚሞት አንባቢው በስም እንዲያውቅ ያድርጉ፤ ያኔ አለመዋጋቱ ራሱ ድል ሆኖ ይሰማል። ውጊያ ካለም ከዋናዋ ገጸ-ባሕርይ ውሳኔ በፊት እንጂ በኋላ ረዥም ውጊያ አይጻፍ። ከውሳኔው በኋላ የሚመጣ ሰይፍ አንባቢውን አይይዘውም።

አጀማመርና ርዝመት

ያለፉት ቅጾች ከታተሙ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያልፍ አንባቢው የዘነጋው ነገር ይኖራል። ያለፈውን በመግቢያ ገጽ ጨምቆ መተረክ ይቻላል፣ ግን ደረቅ ነው። የተሻለው መንገድ ያለፈውን ቅጽ ጕዳት በገጸ-ባሕርይዋ አካልና መኖሪያ ላይ ማሳየት ነው። «ሩይን ኤንድ ራይዚንግ» ሲጀምር አሊና ፀሐይ በማይደርስበት የመሬት ውስጥ መጠለያ ትኖራለች፤ ጠጕሯ ነጭ ሆኗል፣ ኀይሏ ተዳክሟል፣ ቅድስት ብለው የሚሰግዱላት ሰዎች እንደ እስረኛም ይጠብቋታል። ሁለተኛው ቅጽ በምን ሽንፈት እንደ ተጠናቀቀ የረሳ አንባቢ በጥቂት ገጽ ውስጥ ያስታውሰዋል፤ የሚያስታውሰው ደግሞ ስለ ተነገረው ሳይሆን ስላየው ነው። የሚጠቀሱትን ያለፉ ድርጊቶች ገጸ-ባሕርያቱ በሚያስፈልጓቸው ሰዓት ብቻ ያምጧቸው።

ስለ ርዝመት ሕግ የለም። የሆሊ ብላክ የመጨረሻ ቅጽ ሦስት መቶ ገጽ ገደማ ሲሆን፣ የሳራ ጄ. ማስ ተከታታይ መዝጊያ «ኪንግደም ኦፍ አሽ» በ2018 ሲወጣ ከ950 ገጽ በላይ ነበር። ልዩነቱን የሚወስነው የዱቤ መዝገቡ ነው፤ ብዙ ተራኪና ብዙ አገር የከፈተ ተከታታይ ብዙ ገጽ ይፈልጋል። ሆኖም በመጨረሻው ቅጽ አዲስ አገር፣ አዲስ ሕዝብ ወይም አዲስ ተራኪ መክፈት በጣም አስፈላጊ ካልሆነ አይመከርም፤ በአንደኛ መደብ በአንድ ሰው ሲተረክ የኖረ ታሪክ በመጨረሻው ቅጽ ድንገት ሁለተኛ ተራኪ ሲያመጣ የነቃ አንባቢ የመጀመሪያዋ ልትሞት ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ ብዙውን ጊዜም ትክክል ነው።

ከጡዘቱ በኋላ

የባርዱጎ ሦስቱም መጻሕፍት የሚጀምሩትና የሚያልቁት ከዋናው ታሪክ በተለየ ድምፅ ነው። ዋናው ታሪክ በአሊና አንደኛ መደብ ይተረካል፤ የመክፈቻውና የመዝጊያው አጫጭር ምዕራፎች ግን በሦስተኛ መደብ «ልጁ» እና «ልጅቷ» እያሉ ስም ሳይጠሩ ይተርካሉ። በመጨረሻው ቅጽ መዝጊያ ላይ ይህ ስልት አዲስ ትርጕም ያገኛል፤ ሁለቱ አሁን በእውነት ስም የሌላቸው ሰዎች ሆነዋልና። በቅርጽ የተገባ ቃል በቅርጽ ሲከፈል እንዲህ ነው። በእርስዎ ተከታታይ ውስጥ የሚደጋገም ቅርጽ ካለ፣ ደብዳቤ ቢሆን ወይም ትንቢት ወይም በየምዕራፉ ራስ የሚጻፍ ጥቅስ፣ የመጨረሻው ቅጽ አንድ ጊዜ ሊለውጠው ይገባል።

ከጡዘቱ በኋላ ያለው ክፍል ሁሉንም ገጸ-ባሕርይ አጋብቶና ልጅ አስታቅፎ የሚያሰናብት መዝገብ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የሁለት ወይም የሦስት ሰዎችን ዕጣ በትዕይንት ያሳዩ፤ የሌሎቹ በወሬ መልክ ቢነገር ይበቃል። ጋብቻም የግድ አይደለም። የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች አብረው ለመኖር መወሰናቸው ለታሪኩ ይበቃዋል፤ የሚጣጣሙበት የዕለት ኑሮ አንድ ትንሽ ትዕይንት ከሠርጉ ድግስ ይልቅ ያሳምናል።

አሠራሩ

ረቂቁን ሲጀምሩ የውሳኔውን ትዕይንት ቀድመው ይጻፉት፤ ደረቅም ቢሆን ይጻፉት። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዱ ያ ትዕይንት እንዲቻል አንባቢው ምን ማወቅ እንዳለበት ይዘርዝሩና እያንዳንዱን ዕውቀት የሚሰጥ ምዕራፍ ያዘጋጁለት። ትዕይንቱን የማያገለግልና ራሱን ችሎ የማያስደስት ምዕራፍ በዚህ ጊዜ ያለ ርኅራኄ ይወጣል።

በቴሌግራም ቻናል ክፍል በክፍል እየለቀቁ ለሚጽፉ የአማርኛ ደራሲያን አንድ የተለየ ምክር አለ፤ ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች ዛሬ በዚሁ መንገድ ስለሚጀምሩ ጕዳዩ ችላ የሚባል አይደለም። ተከታታዮች በየክፍሉ ሥር ማን ከማን ጋር እንዲሆን እንደሚፈልጉ ይጽፋሉ፣ ይለምናሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች በዚህ ጫና ውስጥ መጻፍ ይቻል ይሆናል፤ የመጨረሻውን ግን ሙሉ ረቂቁ ሳያልቅ አንድም ክፍል አይልቀቁ። ቀድሞ የተለቀቀ ክፍል ቢታረም እንኳ አንባቢው አስቀድሞ ስላነበበው በአሥራ አምስተኛው ክፍል የሚያስፈልግዎትን ሕግ በሦስተኛው ክፍል ለመትከል ዕድሉ ያልፋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ንግር የሌለው ድንገተኛ መፍትሔ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ይስጡት። አንደኛው የቀደሙትን ቅጾች ደጋግሞ ያነበበ ይሁን፤ እርሱ የተጣሰ ሕግና የተረሳ ቃል ይለቅምልዎታል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከቆየ በኋላ ያነበበ ይሁን፤ እርሱ የት ላይ እንደ ጠፋበት ይነግርዎታል። ከሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ «ወደዳችሁት ወይ?» የሚል አይሁን፤ የውሳኔው ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ምን ትመርጣለች ብለው እንደ ገመቱና ሌላውን ብትመርጥ ምን ታጣ እንደ ነበር ይጠይቋቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳያመነቱ መመለስ ካልቻሉ መታረም ያለበት ከትዕይንቱ በፊት ያሉት ምዕራፎች ናቸው።